የቦራ ደም

ባለፈው ጥቅምት ዓይኔን ልታከም ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ልጄ ዘውዲቱ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀምጣኝ ካርድ ልታወጣ ሄደች። ከጎኔ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ተቀምጧል። በአጠገባችን ያለፈችውን ነርስ፣ "እህቴ፣ የደም ግፊት ተራ ገና ነው?" ሲላት ጆሮዬን አቀናሁ። ፊቱን አላወቅሁትም፤ ዓይኔ እንደሆነ ዛሬ የቅርቡንም የሩቁንም በጭጋግ ነው የሚያየው። ድምፁን ግን አወቅሁት። እንደ እኛ አገር ሰው ቃሉን አይጎትትም። እያንዳንዷን ፊደል ጠበቅ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ የሚሰማው ሰው እንዳይሳሳትበት የሚጠነቀቅ ይመስላል። እንዲህ ሲናገር የማውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው።

"ዶክተር ገመዳ ነዎት?" አልሁት።

ዞር ብሎ አየኝ። ብዙ አየኝ።

"ይርጋ ነኝ። የጋፋቱ። የበሬው የዳለቻ ጌታ" አልሁት።

እጄን በሁለት እጁ ያዘና "የዳለቻ ጌታ!" አለ። ከጡረታ በኋላ አገሩ ገብቶ እንደነበር፣ ልጁ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ስለምታስተምር ሊጠይቃት እንደመጣ ነገረኝ። ስለ ዓይኔ አልጠየቀኝም፤ ስለ ልጆቼም አልጠየቀኝም። እጄን ሳይለቅ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ "ያቺ ሴት አለች? የአላምረው ባለቤት?" አለኝ።

"አለች" አልሁት።

ሕመምተኛው ይገባል፣ ይወጣል፤ የሰው ስም ይጠራል። እኔ ግን እዚያ አልነበርሁም።

እኔና ዶክተሩ የተዋወቅን ጊዜ ደብረ ታቦር ዛሬ የምናያት አልነበረችም። ዛሬ ባጃጅ መንገዱን ሞልቶታል፣ መስታወት የለበሰ ፎቅ ከፎቅ ጎን ቆሟል፤ ልጆቼ መንገድ ሲያሻግሩኝ እጄን ይይዙኛል። ያን ጊዜ መናኸሪያው አፈር ነበር። ዝናብ ሲጥል ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ኮንጎ ጫማ ያለው ሰው እንኳ ከገጠር ሲመጣ በእጁ አንጠልጥሎት ነው፤ ከከተማው ጫፍ ሲደርስ ከጅረቱ እግሩን ይታጠብና ያጠልቀዋል። ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳው ላይ ተደርድረው መኪናቸውን ያንቀጫቅጫሉ። የእኛ የገበሬዎቹ አረንጓዴ ቁምጣና እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ከጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ከገበያው ማዕዘን ግድግዳው ሰማያዊ የተቀባ አንድ ሻይ ቤት ነበረ። ባለቤቱ ሬዲዮኑን ከመስኮቱ ያስቀምጠዋል። ዘፈን ሲሆን ሰው ይሰበሰባል፤ ዜና ሲጀምር ሰው ቀስ እያለ ይበተናል። ዜናው ምን ይል እንደነበር ዛሬ ብትጠይቁኝ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ወፍራሙን የሻይ ብርጭቆ፣ ከሥሩ የማይሟሟውን ስኳርና፣ አላምረው ያንን ስኳር በጣቱ ጠርጎ ሲልስ "ይሄን ጥሎ የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት ነው?" እያለ የሚስቀውን ሳቅ ነው።

አላምረው ጎረቤቴ ነበር። አጥራችን አንድ ነው። ሁለታችንም ገና ጎጆ የወጣን፣ ሁለታችንም አንድ አንድ በሬ ብቻ ያለን። አንድ በሬ አያርስም። ስለዚህ የእሱን ቦራና የእኔን ዳለቻ ባንድ ቀንበር አቀናጅተን፣ አንድ ቀን የእሱን ማሳ፣ በማግሥቱ የእኔን እናርስ ነበር። መቀናጆ ይባላል። በመቀናጆ የሚኖሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይጣላሉ። የእኔ በሬ ከሳ፣ ያንተ ማሳ ድንጋይ በዛው፣ ዝናብ ሳይዘጋ ለምን ቀድመህ አረስህ ይባባላሉ። እኛ አልተጣላንም። የአላምረው ጠባይ ለጠብ አይመችም ነበር። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጥቁር በሬ ነው። አላምረው እንደ ሰው ያወራዋል። ሞፈር ይዞ ከኋላቸው ሲሄድ ከራሱ እያወጣ ያንጎራጉርላቸው ነበር፦

ቦራና ዳለቻ ቀንበሩን ያዙልኝ፣
የሁለት ቤት ልጆች እንጀራ አጡብኝ።

ድምፁ ጥሩ አልነበረም። ግን በሬዎቹ ያውቁታል። እሱ ዝም ሲል ይቆማሉ።

በዚያ ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ከተያዘ በኋላ፣ የከብት ሐኪሙ ዶክተር ገመዳ ወደ ቀበሌያችን መጣ። ወጣት ነበር፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ነጠላ ጫማ በካልሲ የሚያደርግ። እሑድ ቅዳሴ ወጥተን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከዋርካው ሥር ስንቀመጥ ካህናቱን አስፈቅዶ ተነሥቶ ተናገረ። አባሰንጋ የሚባለውን በሽታ የማያውቅ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ጠዋት ሲግጥ የዋለውን በሬ ማታ ይጥለዋል፤ ከአፍንጫውና ከአፉ ደም ያስወጣዋል። ሥጋውን የበላ፣ ቆዳውን የነካ ሰውም ይሞትበታል። ዶክተሩ ያለን እንዲህ ነው፦ "ክትባቱ ራሱ የዚሁ በሽታ ዘር ነው፤ ግን የደከመ፣ ጥርሱ የወለቀ። በሬው ውስጥ ሲገባ ደሙ ያየዋል፣ ይለማመደዋል፣ መከላከያ ያበጃል። እውነተኛው የመጣ ዕለት ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።" ከዚያ አስቸጋሪውን ነገር አመጣ። ከጥቂት ከብቶች ከመከተባቸው በፊት ደም ይወስዳሉ፤ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ተመልሰው ይወስዳሉ። ደሙ በእርግጥ መከላከያ አብጅቶ እንደሆነ በቤተ ሙከራ ያያሉ።

ሰዉ አጉረመረመ። "ደማቸውን ወስዳችሁ ምን ልታደርጉት ነው?" አለ አንዱ። "የተከተበች ላም ትጨነግፋለች" አለ ሌላው። እኔም አላመንሁም ነበር፤ ዳለቻን ወደ አማቶቼ አገር ልነዳው ሁሉ አስቤ ነበር።

ማታ አጥሩ ላይ ቆመን ስንጨዋወት አላምረው ሳቀብኝ። "አንተ ሰው፣ ልጅህን አላስከተብህም? ልጅህ ሞተ?"

"ልጅና በሬ አንድ ነው?"

"ለእኔ አንድ ነው" አለኝ፤ አልሳቀም። "አባቴን ያደኸየው አባሰንጋ ነው። በረቱን ባንድ ሳምንት ባዶ አደረገበት፤ ከዚያ ወዲያ ሰው አልሆነም። እኔ እንዲያ አልሆንም። የመጀመሪያውን ደም ከቦራ ይውሰዱ።"

እሱ ነው ያሳመነኝ። እኔን ብቻ አይደለም። በየደጁ እየዞረ ግማሹን መንደር አሳመነ። ከብት ለክትባት ለማሳለፍ እንጨት ተረብርቦ ጠባብ መተላለፊያ ሲሠራ ቀድሞ መጥረቢያ ይዞ የወጣ እሱ ነበር። የክትባቱ ዕለት ቦራን ፊት አሰልፎ ገባ። ከትከሻው ላይ ቀንበር የላጠው ቁስል ነበረበት፤ እየደረቀ ነው። ዶክተሩ ከአንገቱ ሥር ደም ቀዳ፣ ክትባቱን ወጋ፣ ጆሮው ላይ ቢጫ ምልክት አንጠለጠለ። ዳለቻም ተከተለ። አላምረው የቦራን ጆሮ እያሻሸ፣ "የጆሮ ጌጥ አጠለቀ፣ እንግዲህ ሚስት ይፈልጋል" ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ዶክተሩም ሳቀ። ያን ቀን ሳስታውስ ዛሬም ፀሐዩ ይታየኛል።

ሳምንታት አለፉና ተመልሰው መጥተው ሁለተኛውን ደም ወሰዱ። ደሙ በበረዶ ተይዞ ሩቅ አገር ሄደ። ውጤቱ ሲመጣ እንነግራችኋለን አሉን፤ እኛም ረሳነው። ፋሲካ ሆነ። በዓለ ሃምሳ ገባ፤ ጾም የለ፣ ሰው ሁሉ ፊቱ ወዝ ያለው ጊዜ ነው። የግንቦት ዝናብ ቀድሞ ጣለ። ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ ሣሩ ገና ጥፍር እንኳ ሳያክል ከብቱ አፈሩን ጭምር ነው የሚግጠው። ከወንዙ ማዶ ያልተከተቡ ከብቶች ሞቱ ተባለ። አላምረው ዜናውን ሲሰማ ለሟቾቹ አዘነ፣ ለራሱ ግን አልፈራም። "የእኛዎቹ ተከትበዋል" አለኝ። እንደ ቀልድ አይደለም፤ አምኖ ነው የተናገረው።

አንድ ጠዋት የእሱን የገብስ ማሳ ስናርስ ቦራ መሀል ላይ ቆመ። አላምረው አንጎራጎረለት፤ አልተንቀሳቀሰም። ጎኑ ይንቀጠቀጣል። ቀንበሩን ስናወርድለት ጥቂት ሄዶ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ከዚያ በጎኑ ወደቀ። ከአፍንጫው ደም መጣ።

"አላምረው፣ ይሄ እሱ ነው" አልሁት።

"ምኑ?"

"አባሰንጋው ነዋ!"

"ተከትቧል እኮ!" አለኝ። ዓይኑ ፈጥጧል። "አንተ ራስህ አየህ እኮ። ተከትቧል! ሌላ ነገር ነው። ሣር ነፍቶት ነው፣ እባብ ነክሶት ነው።" ከዚያ ቦራን አየው፤ ነፍሱ እየወጣች መሆኗ ለሁለታችንም ግልጽ ነበር። "ይርጋ፣ ጥንብ ሳይሆን ይታረድ። ቢላ ይድረስበት። እንዲህ ሆኖ አፈር አይበላውም።"

"አትንካው። ሐኪሙን ልጥራ።"

"ጥራው። እሱም ይሄን ይንገርህ፤ ተከትቧል ይበልህ።"

ወደ ከተማ ሮጥሁ። የጋፋትን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ያ ሰማያዊው ሻይ ቤት ሬዲዮኑ ሲዘፍን አለፍሁ፤ ሰዎች "ምን ሆነሃል?" ይሉኛል። ዶክተሩን ከቢሮው አገኘሁት። ቃሌን ሳልጨርስ ሹፌሩን ጠራ። በመንገድ ላይ ይሄንኑ ብቻ ደጋገመ፦ "የትኛው በሬ? ምልክት ያለው? እርግጠኛ ነዎት?"

ስንደርስ ቦራ ታርዶ፣ ተገፎ፣ ሥጋው በቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቷል። አላምረው ለማንም አልሸጠም፤ ሁሉም የድርሻውን እንዲወስድ ነው የጠራው፤ ቦራ በደቦ ያላረሰለት ቤት በሠፈሩ አልነበረምና። ልጆች ጉበት ጠብሰው እየበሉ ነው። ዶክተሩ ከመኪናው ሳይወርድ ጮኸ፦ "አትንኩ! ጣሉት! እጃችሁን ታጠቡ!"

መሬቱ ላይ የፈሰሰው ደም ገና አልረጋም፤ ጥቁር ነበር። ዶክተሩ ያንን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ራሱን አንሥቶ ከጎን የተቀመጠውን የቦራን ጭንቅላት አየ። ቢጫው ምልክት ጆሮው ላይ አለ።

"ይሄ ተከትቧል" አለ ለራሱ።

"እሱን እኮ ነው የምንልዎት!" አለ አላምረው። እጁ እስከ ክርኑ ድረስ በደም ቀይ ነው። "እናንተ አይደላችሁ የወጋችሁት? ክትባቱ ከሠራ አባሰንጋ አይደለም። አባሰንጋ ከሆነ ክትባታችሁ ውሸት ነው። አንዱን ንገሩን!"

ሰው ሁሉ ወደ ዶክተሩ ዞረ። "አላውቅም" አለ። "ግን ሥጋውን ስጡኝ። እለምናችኋለሁ፣ ስጡኝ።" ከዚያ ጎንበስ ብሎ ራሱ መደቡን መሰብሰብ ጀመረ። ማንም አልረዳውም። በመጨረሻ የአላምረው ሚስት የሺ መጣችና ከሱ ጎን ተንበርክካ መሰብሰብ ጀመረች፤ ያኔ ሌሎቹም ሥጋውን እየመለሱ ወረወሩት። ጉድጓድ ቆፈርን፣ የባሕር ዛፍ ግንድ ረበረብን፣ ላምባ አርከፈከፍንበት። ሥጋ የበሉትና ሥጋ የነኩት ሁሉ በመኪናው ተመላልሰው ሐኪም ቤት ሄዱ፤ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ተረፉ። አላምረው ግን አልሄደም። "ነገ እመጣለሁ" አለ፤ እሳቱን አየና ወደ ቤቱ ገባ። ነገም አልሄደም።

ከዚያ በኋላ አጥሩ ላይ አይቆምም ነበር። እኔን ያፈረ መሰለኝ፤ ያስከተብነው በእሱ ቃል ነውና። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ጋቢውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ አየሁት።

"ምን ሆንህ?"

"ምንም።"

ጋቢውን ገለጥሁት። ከአንገቱ ሥር መሀሉ ከሰል የመሰለ፣ ዳሩ ያበጠ ቁስል ነበር።

"አያምምም" አለኝ። "እመነኝ፣ አያምምም።"

"ቦራን ስትገፈው ነው?"

"አይ" አለ። ከዚያ ስጠይቀው ሳይዋሸኝ ነገረኝ። ያን ቀን እኛ እንጨት ስንረብርብ የቦራን ቆዳ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ በቤቱ ጀርባ ዞሮ ጎተራ ውስጥ ደብቆታል። ትኩስ እንደሆነ አንገቱ ላይ ተሸክሞ።

"ለምን? ለምን ይሄን ታደርጋለህ?"

"ሁሉንም አቃጠላችሁት" አለ። ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ። "ምን ቀረልኝ? ለመኝታዬ አደርገዋለሁ ብዬ ነው። ከእሱ ላይ እተኛለሁ ብዬ ነው።"

በዚያኑ ቀን ጎረቤት ጠርቼ በቃሬዛ ተሸከምነው። አንገቱ እያበጠ ሄዶ አፉን እንኳ መክፈት አቃተው። ከዳገቱ ላይ ዕረፍት ስናደርግ እጄን ጎትቶ ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋኝና፣ "ዳለቻን ለብቻው አትሰረው፤ ይጮኻል" አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ። ዘግይተን ነበር የደረስነው። ሬሳውን ይዘን በዚያው መንገድ ተመለስን።

ዳለቻ እውነትም ጮኸ። ቀብሩ ላይ እንኳ ድምፁ ይሰማ ነበር። ከበረቱ ወደ ማሳው፣ ከማሳው ወደ በረቱ ይመላለሳል። ዛሬ ልጆቼ ከብት አያዝንም ይሉኛል፤ እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ።

ከሞቱ የከፋው ከሞቱ በኋላ የመጣው ነበር። ሰው ተናገረ። "ጥንብ ሊያበላን ነበር" አሉ። "አውቆ ነው፤ በሬው ሲሞትበት ኪሳራውን ሊያካፍለን ነው።" ልጆቻቸው ጉበት የበሉ ሴቶች የሺን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ወንዝ ስትወርድ ቀድተው ይነሣሉ። ለአርባው በጣልነው ድንኳን ከሰው ይልቅ ባዶ ወንበር ይበዛ ነበር። የሺ አላለቀሰችም። ያቺ ሴት ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ድምፅ የሌላት የምትመስል ነበረች። አንድ ቀን ብቻ፣ ማሳዋን ሳርስላት ከዳር ቆማ፣ "አያ ይርጋ፣ እሱ አውቆ አደረገው ይላሉ። አንተም ታምናለህ?" አለችኝ። "አላምንም" አልኋት። "እንዲያ ከሆነ ማረስህን ቀጥል" ብላኝ ሄደች።

ክረምቱ ሲበረታ ዶክተር ገመዳ በእግሩ መጣ። መኪናው ጭቃ ይዞት ነው። ከእኔ ደጅ ተቀመጠና ውጤቱ እንደመጣ ነገረኝ። የዳለቻ ደም በሁለተኛው ጊዜ መከላከያ ሞልቶታል። የሌሎቹም ከብቶች እንዲሁ። "የቦራ ደም ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ነው" አለኝ። "ምንም የለበትም። ክትባቱን ጭራሽ ያላየ ይመስላል። እኔ በእጄ ነው የወጋሁት። ይርጋ፣ ይሄ በሬ በዚያ ሰሞን ሌላ መርፌ ተወግቶ ነበር?"

አላውቅም ነበር። ወደ የሺ ሄድን። ከደጇ ገብስ እያመሰች አገኘናት። ዶክተሩ ሲጠይቃት ማመሻውን አስቀመጠች።

"ተወግቷል" አለች። "ለትከሻው ቁስል። ከክትባቱ በፊት ባለው ቀን ነው። ቁስለኛ ከብት አይከተብም ብለው ሰዎች ነገሩትና ፈራ። ገሳይ ገበያ ድረስ ሄዶ መድኃኒት ገዛ፤ የሚወጋም ሰው አብሮ አመጣ። ቁስሉ ቶሎ ይድርቅ ብሎ ነው። ምነው?"

ዶክተሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። በኋላ ቀስ ብሎ ነገራት። ያ የቁስል መድኃኒት የበሽታ ዘር ገዳይ ነው። ክትባቱ ደግሞ የደከመ ይሁን እንጂ በሕይወት ያለ የበሽታ ዘር ነው። መድኃኒቱ በቦራ ሥጋ ውስጥ ነበረና ክትባቱ ሲገባ ገደለው። ደሙ ሊያየው፣ ሊለማመደው ጊዜ አላገኘም። ቦራ ያን ቀን በመርፌ ተወጋ እንጂ አልተከተበም።

የሺ አዳመጠች። "ስለዚህ" አለች፣ "በሬውን የገደለው እሱ ነው?"

"አይደለም እመቤቴ፣ መድኃኒቱ..."

"መድኃኒቱን ማን አስወጋው?"

ገብሱ ማረር ጀመረ፤ ተነሥታ አወረደችው። ጀርባዋን ሰጥታን ሰፌድ ላይ ገለበጠችው። ስትዞር ያለችው ሌላ ነገር ነበር። "አያ ይርጋ፣ እሑድ ይሄን ለሰዉ ንገርልኝ። ስለሚወደው እንደሆነ ንገራቸው። ሳያውቅ እንደሆነ ንገራቸው። ኪሳራ ሊያካፍል እንዳልጠራቸው ንገራቸው።"

ነገርሁ። ከዋርካው ሥር ቆሜ፣ እንደ ዶክተሩ ቃል መርጬ መናገር ባልችልም፣ ነገርሁ። አንዳንዱ አቀረቀረ። አንዳንዱ አላመነኝም፤ ለጓደኛው ነው የሚናገረው አለ። ጊዜ እየገፋ ሲሄድ ሐሜቱ ደከመ፤ ግን አልጠፋም። የሺ ከአላምረው የወለደችውን አንድ ልጅ ብቻዋን አሳደገች። ልጁ ጎልምሶ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወረደና አልተመለሰም፤ የሞተም የኖረም እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዳለቻ ከሌላ በሬ ጋር በወጉ አልሳበም። ሁለት ክረምት ታግዬ መጨረሻ ላይ ተውሁት፤ ከበረት ሣር እየበላ አረጀ።

ሆስፒታል ያገኘሁት ሽማግሌ ከእሱ በኋላ የሆነውን ሁሉ ጠይቆኝ፣ እኔም ነገርሁት። ተራው ደርሶ ሲጠሩት አልሄደም። "ይውሰዱኝ" አለኝ። "ዛሬውኑ። ሌላ ቀን እመጣለሁ ካልኩ አልመጣም።" ዘውዲቱ ተቆጣች፤ የዓይኔ ቀጠሮ አለፈ። ባጃጅ ይዘን ወረድን። ድሮ በእግሬ ትንፋሽ አጥሮኝ የወጣሁትን ዳገት ባጃጁ በቅጽበት ጨረሰው። በመንገዱ ላይ ቤት ከቤት ተያይዟል፤ ያ ሻይ ቤት የነበረበትን ቦታ ላሳየው ብዬ አጣሁት።

የሺ ከደጇ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። አርጅታለች፤ ከዱሮው ይልቅ አንሳለች። ጆሮዋ ግን ደህና ነው።

"እንግዳ ይዤልሽ መጣሁ" አልኋት። "ዶክተር ገመዳ ነው። ክትባት ይዞ የመጣው።"

ድምፅዋ አልተለወጠም። "ይቀመጡ" አለችው። የጎረቤት ልጅ ዱካ አወጣችለት። ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ከጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፣ እንደገና አነሣው። እኔ የጤና፣ የዝናብ፣ የአዝመራ ጨዋታ ጀመርሁ። እሱ አልሰማኝም።

"እመቤቴ" አለ በመጨረሻ፣ "ያን ቀን የነገርኩሽ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አልነበረም። መድኃኒትና ክትባት እንደማይገናኙ እኛ እናውቅ ነበር። ተምረነዋል። ገበሬው እንዲያውቅ አይጠበቅም። ከመውጋታችን በፊት ለእያንዳንዱ ሰው፣ 'በሬህ በዚህ ሰሞን ሌላ መርፌ ተወግቷል?' ብለን መጠየቅ ነበረብን። ሰው በዝቶ ነበር፣ ፀሐዩ ከርሮ ነበር፣ እኔ ለደሙ ነበር የምጣደፈው። አልጠየቅንም። ያን ጊዜ ከፊትሽ ተቀምጬ ይሄን አልነገርኩሽም። ባልሽ በራሱ እጅ እንዳደረገው አድርጌ ትቼሽ ሄድኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ይሄን ይዤ..."

የሺ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ይበቃል የምትል መሰለኝ። እኔ ልትቆጣ ነው፣ ወይ ልታለቅስ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ባሏ ትናንት ከገበያ እንደተመለሰ ሰው አድርጋ፣ በለሆሳስ፣ ተናገረች።

"ብትጠይቁት ይነግራችሁ ነበር" አለችው። "አላምረው ከጠየቁት አይዋሽም ነበር።"